ቪትዝን ነፋስ እንዳያዋልላት አሸዋ መጫን ይበጃል ወይ ብለው ለጠየቁት እህታችን

እህታችን ለሥራ ከደሴ ተነሥተው በወልድያ በኩል ወደ ጋሸና እንደሚመላለሱ፣ የድልብን ዳገት ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲወጡ ነፋሱ ቪትዝ መኪናቸውን ከመስመሯ እንደሚያስወጣባቸው፣ ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ አንጋፋ ሹፌርም «ቀላል ስለሆነች ነው፤ ከኋላ አንድ ጆንያ አሸዋ ጫኚባት» ብለው እንደመከሯቸው ጽፈዋል። በጥያቄያቸው መጨረሻ ላይም ምክንያቱ ክብደት ብቻ ከሆነ ከቪትዝ የማይከብዱ ትንንሽ የስፖርት መኪኖች በነፋስ ውስጥ እንዴት ቀጥ ብለው ሊሄዱ እንደሚችሉ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ዓይነት መኪና በነፋስ ስለነዳሁ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ አሸዋውን ግን ከወዲሁ ያውርዱት።

ከስፖርት መኪናዋ ልጀምር። አረብ አገር በሹፌርነት በሠራሁባቸው ዓመታት አሠሪዬ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 የምትባል ባለ ሁለት ወንበር መኪና ነበረቻቸው፤ ጋራዥ መውሰዷና አንዳንዴም ከከተማ ወደ ከተማ ማድረሷ የእኔ ድርሻ ነበር። ይህች መኪና በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስትወጣ ከአንድ ቶን በታች የምትመዝን ነበረች፤ ሎተስ ኤሊዝ የተባለችው የእንግሊዝ ሥሪት ደግሞ በ1996 ስትወጣ 725 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበረች፤ ማለትም ከእርስዎ ቪትዝ በግልጽ ትቀላለች። ልዩነቱ ቁመት ላይ ነው። ቪትዝ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲም ያህል ስትሆን ማዝዳዋ ከ1 ሜትር ከ23 ብዙም አትበልጥም። ስለዚህ ነፋሱ የሚያገኘው ጎን ያንሳል፣ ክብደቷም መሬት አጠገብ ያረፈ ነው፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቿም ከቁመቷ አንጻር ተራርቀው ስለቆሙ አካሏ አያዘነብልም። ሸማል የሚባለው የባሕረ ሰላጤው ነፋስ አቧራ እያነሣ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቀን ከፍ ያሉ የቤት መኪኖች ጎንበስ ቀና ሲሉ እርሷ ግፊቱን የምትቀበለው እንደ አንድ አካል ወደ ጎን በመንሸራተት ነበር።

ይህ ማለት ግን ነፋስ አይነካትም ማለት አይደለም። የስፖርት መኪና መሪ ፈጣን ነው፤ ትንሽ ሲነካ ብዙ ይዞራል። ነፋሱ ሲመታት ደንግጦ መሪውን የሚጠመዝዝ ሰው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ ራሱ ያዋልላታል፣ ከዚያም ጥፋቱን በነፋሱ ላይ ያላክካል። እጁን ዘና አድርጎ መሪው በመዳፉ ውስጥ በጥቂቱ እንዲንቀሳቀስ ለሚፈቅድ ሰው ግን በጣም ታዛዥ ናት። ይህ ምክር ለቪትዝም ይሠራል።

አሁን ወደ አሸዋው እንመለስ። የጎረቤትዎ ምክር ከየት እንደመጣ የምገምት ይመስለኛል፤ በቮልስ ዘመን የነዱ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ቀላል ናት፣ ነፋስም አፍንጫዋን በቀላሉ ይወስደዋል። ዕቃ የሚጫንባት ግን ከፊት ባለው ኮፈን ሥር በመሆኑ እዚያ ከባድ ነገር ሲደረግ አፍንጫዋ ይረጋ ነበር፤ እኔም ቮልስ በነዳሁበት ጊዜ የታዘብኩት ይህንኑ ነው። ዕቃ መጫኛው ላይ ክብደት መጨመር ለቮልስ ትክክል ነበር፤ የቪትዝ ዕቃ መጫኛ ግን ከኋላ ስለሆነ ምክሩ ተገልብጦ መነበብ አለበት። የጎን ነፋስ መኪናን የሚገፋበት ማዕከል አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቷ ማዕከል ቀድሞ ወደ ፊት የሚያርፍ ስለሆነ፣ ከመግፋትም አልፎ አፍንጫዋን ያዞራል። ቪትዝ ሞተሯም ካምቢዮዋም ከፊት በመሆናቸው የክብደቷ ማዕከል ወደ ፊት የቀረበ ነው፤ ይህም የማዞሩን ኃይል ይቀንስላታል። አንድ ጆንያ አሸዋ ከኋላ ሲጭኑባት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይስቡታል፣ የፊት ጎማዎቿንም ያቀሏቸዋል፤ መሪ የሚታዘዘው ደግሞ በእነዚሁ ጎማዎች ነው። ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ ዕቃ መጫኛውም ገብስና ባቄላ የተሞላ ዕለት መኪናዋ ይበልጥ እንደምትዋልል አስተውለው ይሆናል። ከጎንዎ ባለው ወንበር ላይ ሰው ሲኖርና ከባዱ ዕቃ ከወንበሮቹ ሥር ሲሆን ግን ትሻላለች። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ (የብረት ዕቃ መጫኛ) ካለና ባዶውን የሚሄድ ከሆነ ያስፈቱት፤ ጭነት ሲኖርበት ደግሞ ነፋሱ የሚያገኘውን ጎን ከሁሉ በላይ በሆነው ቦታ ላይ ያሰፋለታል።

ስለ ነፋሱ ኃይልም ጥቂት ልበል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የረሳነው ነገር 60 ሲደርስ ድንገት መሪ የሚነጥቀን ለዚህ ነው። በእኔ ስሌት 60 የሚነፍስ ነፋስ የቆመችን ቪትዝ በጎኗ ሲያገኛት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ክብደት የሚያህል ግፊት ያሳርፍባታል። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ደጋ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ያው ነፋስ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ከዚህም በበረታ ነበር፤ ይህ የደጋችን ትንሽ ውለታ ነው፣ ምንም እንኳ ሞተሩም በዚያው መጠን ትንፋሽ ቢያጥረው። የራስዎ ፍጥነትም ከስሌቱ ውጪ አይደለም። በ100 ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፣ በ60 ግን 17 ሜትር ገደማ፤ ነፋሱ አፍንጫዋን ካዞረው በኋላ እጅዎ እስኪያስተካክል ድረስ መኪናዋ ከመስመሯ የምትርቀው በዚያው ልክ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ የጎን ግፊቱ ራሱም ስለሚቀንስ፣ ከማናቸውም መፍትሔ በፊት የምመርጠው ከነዳጅ መስጫው ላይ እግርን ማንሣት ነው።

በእርስዎ መንገድ ላይ አስቸጋሪው ነገር ነፋሱ የማያቋርጥ መሆኑ ሳይሆን መቋረጡ ነው። ድልብ ላይ መንገዱ ተራራውን ቆርጦ ሲያልፍ ግድግዳው ይጋርድዎታል፤ ቁርጡ ባለቀበት ሥፍራ ግን ከቆላው ሽቅብ የሚመጣው አየር በአንድ ጊዜ ያገኝዎታል። በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ሹፌሮችም ይህንኑ ያውቁታል። በመጀመሪያ አፍንጫዋ ሸሸት ይላል፣ ከዚያ የኋላ አካሏ ይከተላል፣ መሪውም በመዳፍዎ ውስጥ ቀለል ይላል፤ ያ መቅለል ሲሰማ ማረም የሚገባው በትንሹ ነው። ዓይንዎ ከግድግዳው ማለቂያ ወዲያ ያለውን ባሕር ዛፍ ጫፉን ይመልከት፤ ጎንበስ ካለ ከመድረስዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ። ፍሬን በጥምዝ ላይ በድንገት መያዝ ግን የኋላ ጎማዎቹን ስለሚያቀላቸው አይመከርም።

ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ ወይም ተሳቢም እንደዚሁ ነው። ግንባሩ ሲደርስ ወደ ውጭ ይገፋዎታል፣ ጎኑ ሲያልፍ ወደ ራሱ ይስብዎታል፤ ነፋሱ ከእርሱ በኩል ከሆነ ደግሞ ለአፍታ ጋርዶዎት እንዳለፈ ሙሉ ኃይሉ ይመለሳል። ስለዚህ ጎን ለጎን በምትሆኑበት ሰዓት የተጋረደ ነፋስን ለማረም የያዙትን መሪ ሳይለቁ መቆየት ወደ ከባዱ መኪና ይወስድዎታል። ሜዳው ላይ ተሳቢ መቅደምን ከተቻለ ይተዉት።

ጉዞውን በጠዋት ማድረግ ብዙ ይጠቅማል። ቆላው ሳይሞቅ አየሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን የሞቀው አየር ዳገቱን ተከትሎ ስለሚነሣ ከጋሸና እስከ ገረገራና ፍላቂት ባለው ገላጣ መንገድ ላይ ነፋሱ ይበረታል።

መኪናዋን በተመለከተ ከመንዳትዎ ዘዴ በፊት የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሞተሩን አስነሥተው፣ መኪናዋን አቁመው፣ መሪውን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ ጎማዎቹ ሳይነቃነቁ መሪው በባዶ የሚሄድ ከሆነ ቴስቲናው (መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) አልቆ ይሆናል፤ እንዲህ ያለች መኪና በነፋስም ያለ ነፋስም ትዋልላለች። የጎማ ነፋስም እንዲሁ ነው፤ ጎሚስታው በልማድ እንዳይሞላልዎት በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ። የፊቶቹ ካነሱ አፍንጫዋ ዘግይታ ትታዘዛለች። ሾክ አብዞርበሩ ካለቀም ነፋሱ ቆሞ መወዝወዙ ይቀጥላል።

በክረምት ዶፍ ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚመጣው ድንገተኛ ነፋስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ እርሱን እየነዱ ከመጋፈጥ መቆም ይሻላል። ሲቆሙ ድንጋይ ሊወርድ ከሚችልበት ቁርጥ ሥርና ከባሕር ዛፍ ጥግ ይራቁ፣ ከተቻለም የመኪናዋን ፊት ወደ ነፋሱ ያዙሩት፤ ከኋላ ሲመጣ በሩን ከእጅዎ ነጥቆ ማጠፊያውን ሊያጣምመው ይችላል።