ክፍለ ጊዜውን ከማርዘማችሁ በፊት

ውድ ወጣት መምህራን፣

ከመካከላችሁ አንዷ፣ በትምህርት ቤቷ የዕለቱን ፕሮግራም እንደገና ለመደልደል በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ መግባቷን ገልጻ፣ «ጋሼ፣ 45 ደቂቃ የነበረውን ክፍለ ጊዜ ወደ 90 ብናሳድገው ተማሪው ይጠቀማል ወይስ ይሰለቻል?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ይህ ሥራ ለሚገጥማችሁ ሁሉ መጻፉን መረጥሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ በማገለግልበት ትምህርት ቤት፣ የክፍለ ጊዜው ማጠር ከሁሉ ይልቅ ያንገበግበው የነበረው አንድ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ስም ጠርቶ፣ ተማሪዎቹን በቡድን አደላድሎ፣ ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ፣ ቡሬቱ፣ ታጥቦ በቤዝ እስኪሞላና አሲዱ እስኪለካ ድረስ የክፍለ ጊዜው እኩሌታ ያልቅበታል፤ ፈሳሹ የሙከራውን መጨረሻ ወደሚያመለክተው ሐመር ሮዝ ለመለወጥ ጥቂት ጠብታ ሲቀረው ደወል ይደወላል። የሚቀጥለው ክፍል በር ላይ ስለሚጠብቅ የተጀመረው ሙከራ ይደፋና ሊገኝ ይገባ የነበረው ውጤት በማግስቱ በሰሌዳ ይጻፍላቸዋል። «ልጆቹ ከእኔ የሚማሩት ሙከራ መጀመርን ብቻ ነው» እያለ በየስብሰባው ሲወተውት ቆይቶ በመጨረሻ ሰሚ አገኘ፤ ድልድሉን እንዳዘጋጅ የታዘዝሁትም እኔ ነበርሁ።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያጓጓ ነበር። በቀን ስምንት ባለ 45 ደቂቃም ሆነ አራት ባለ 90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ድምሩ 360 ደቂቃ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ሰባት ጊዜ ክፍል መቀያየርን ሲጠይቅ ሁለተኛው የሚጠይቀው ሦስት ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ መተላለፊያ አምስት ደቂቃ ቢታሰብ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይተርፋል። ስምንቱን ትምህርቶች ለሁለት ከፍለን አራቱ ዛሬ፣ አራቱ ነገ እየተፈራረቁ እንዲሰጡ አደረግን። ያን ጊዜ ድልድል የሚወጣው በሰፊ ወረቀት፣ በእርሳስና በላጲስ ነበር፤ አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ተመድቦ ሲገኝ ሌሊቱን ሙሉ የሠራችሁት ይፈርሳል። ዛሬ ኮምፒውተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያወጣላችሁ፣ ሰሌዳው ካማረ ሥራው ያለቀ የሚመስላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ እታዘባለሁ።

በስሌቱ ያልገባው የመምህሩ ልማድ ነበር። መምህራኑ ለረዘመው ጊዜ የሚስማማ የትምህርት ዕቅድ እንዲያዘጋጁ የታሰበው ሥልጠና በበጀት እጥረት ምክንያት ተሰረዘና፣ ዓመቱ ሲጀመር አብዛኞቹ የ45 ደቂቃ ትምህርታቸውን እንደያዙ ወደ 90 ደቂቃው ገቡ። የመጀመሪያው እኩሌታ እንደ ወትሮው በገለጻ ያልቃል፤ ቀሪው «የቤት ሥራችሁን እዚሁ ሥሩ» ይሆናል። በኮሪደሩ ባለፍሁ ቁጥር በአንድ በኩል ተማሪዎች ቡሬቱ ላይ አጎንብሰው ጠብታ ሲቆጥሩ፣ ያመለጣቸውንም ቡድኖች እንደገና ሲጀምሩ አያለሁ፤ በዚያው ኮሪደር ማዶ ደግሞ ግማሹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተደፍቷል። ደወሉን የሚደውሉት አዛውንት ጥበቃ እንኳ እጃቸው ስለለመደ በአሮጌው ሰዓት እየደወሉ ክፍሎቹን ያስወጡብን ነበር፤ ስንነግራቸው «ሰዓቱ ደርሷል እኮ» ብለው ይከራከሩናል።

በዓመቱ መጨረሻ ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ። የክፍሎቹ ጫጫታና የመምህራኑ ድካም በሰፊው ተነሣ፤ ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ሰው ተጠርቶ አልተጠየቀም፤ ቤተ ሙከራ ገብቶ ያየ ተናጋሪም አልነበረም። በእጅ ብልጫ ወደ 45 ደቂቃ ተመለስን። የኬሚስትሪ መምህሩ በዚያው ክረምት ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሥልጠናው የተሰረዘበትና ለመለመድ እንኳ ጊዜ ያላገኘ አሠራር «ተሞክሮ ወደቀ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ መስፈሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ያነሣ ሁሉ ያ ቃለ ጉባኤ ይነበብለት ነበርና።

የክፍለ ጊዜ ርዝመት ተፈጥሮ የደነገገችው ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ይከፍል የነበረው ካርኔጊ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በዓመት ወደ 120 ሰዓት እንዲወስድ የሚል መለኪያ አወጣ፤ ለመምህራኑ ከፋውንዴሽኑ ጡረታ ለማግኘት የፈለገ ኮሌጅ ተማሪ ሲቀበል ይህን መለኪያ መጠቀም ነበረበት። በየቀኑ የሚሰጥ አጭር ክፍለ ጊዜ ሥር የሰደደው በከፊል በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ወደ 90 ደቂቃ ሲዞሩ፣ በፊንላንድ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ትምህርት ቤቶች 75 ደቂቃ የተለመደ ሆኗል። ረጅሙ ክፍለ ጊዜ ውጤት ያሻሽል እንደሆነ የመረመሩ ጥናቶችም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ በእኔ ግምት ይህ የሆነው ጥናቶቹ ደቂቃውን ሲለኩ በደቂቃው ውስጥ የሚሠራው ከክፍል ክፍል ስለሚለያይ ነው።

የዘመኑ ወጣት ረዘም ያለ ነገር ላይ መቆየት አይሆንለትም ብዬ ስናገር ሰምታችሁኝ ይሆናል፤ ስልኩን ሳይነካ አንድ ገጽ የሚጨርስ ተማሪ ማግኘት ይቸግራልና ዛሬም እላለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ደወሉን ይናፍቅ የነበረው መምህሩ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ ያሉት ተማሪዎች ግን ውጡ ሲባሉ ቅር ይላቸው ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም።

ለሁሉም ትምህርት አንድ ዓይነት ርዝመት አትስጡ። ቤተ ሙከራ፣ የእጅ ሥራ፣ ሥዕልና ረጅም ድርሰት 90 ደቂቃውን ይፈልጋሉ። ቋንቋና ሒሳብ ግን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ቢሰጡ እመርጣለሁ፤ ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከተጠናው ይልቅ እንደሚጸና ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናት አሳይቷል። ክፍለ ጊዜው ረዘመ ብሎ አንድን ትምህርት በአንድ መንፈቀ ዓመት ጠቅልሎ መጨረስም አደጋ አለው፤ ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ የጨረሰ ልጅ በሚመጣው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ ቢመደብ አንድ ዓመት ያህል ከሒሳብ ይርቃል። 90 የ45 እጥፍ ስለሆነ ሁለቱን ርዝመቶች በአንድ ሰሌዳ ማቀላቀል ይቻላል፤ ድልድሉ ይወሳሰባል እንጂ አይከለክልም።

አሠራሩ መቼና በምን እንደሚመዘን ሳይጀመር በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ በእኔ እምነት ሁለት ዓመት ሳይሞላ መመዘን የለበትም። አንድ መምህር ታሞ ሲቀር ተማሪው የሚያጣው የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ስለሆነ፣ ተተኪው ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደሚገባ ለእያንዳንዱ ትምህርት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ እኛ ይህን ለየዕለቱ ጥሪ ትተነው ስለነበር ባዶ ክፍል የሚጠብቅ ሰው ፍለጋ ጠዋቱ ያልቅ ነበር።