ክፍልፋይ በስዕል መደመር፦ ያልገባችሁን ጠይቁኝ

ሰላም፣ ባህር ዳር ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ሰሞኑን ወላጆች ስለ ክፍልፋይ በብዛት እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ ቲቸር ልጄ 1/2 + 1/3 ስላት 2/5 ትላለች፣ ብነግራት ብነግራት እምቢ አለች።

መልስ፦ እህቴ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ላዕልን (የላዩን ቁጥር) ከላዕል ታህትን (የታቹን ቁጥር) ከታህት እየደመረች ነው። ተሳስተሻል ከማለትሽ በፊት እኩል የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ስላ የአንዱን ግማሽ የሌላውን 2/5 ትቀባ። 2/5 ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት አነሰ ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በይ፣ ራሷ ታስብበት። ከዛ ሁለት አዲስ አራት ማዕዘን ትሳል፣ ሁለቱንም ከላይ ወደታች በአንድ መስመር ለ2፣ ወደ ጎን በሁለት መስመር ለ3 ትክፈላቸው፣ እያንዳንዱ 6 ካሬ ይሆናል፣ ግማሹ 3 ካሬ ሲሶው 2 ካሬ፣ ድምሩ 5/6። የጋራ ታህት የሚባለው ይሄው ነው፣ ቁራጮቹን እኩል አድርጎ መቁጠር።

ጥያቄ፦ እኛ አንዱ ስዕል ላይ ሁለቱንም ቀባን፣ 4 ካሬ ብቻ ሆነብን?

መልስ፦ አንዷ ካሬ ሁለቴ ስለተቀባች ነው። የተደራረበችው 1/6 የማባዛት መልስ ናት፣ 1/2 × 1/3። ለመደመር ስዕሉን ለየብቻ አድርጉት።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ በእንጀራ ባሳየውስ?

መልስ፦ ለግማሽና ለሩብ አሪፍ ነው። ሲሶና አምስተኛ ላይ ግን ክብ ነገር እኩል መቁረጥ ለልጅ ይከብዳል፣ ቁራጩ እኩል ካልሆነ ደግሞ ስዕሉ ራሱ ያሳስታል፣ ባለ ካሬ ደብተር ይሻላል።

ጥያቄ፦ 1/4 + 1/6 በስዕል 10/24 መጣ፣ መጽሐፉ 5/12 ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው፣ ካሬዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ያጣምራቸው፣ 24ቱ 12፣ 10ሩ 5 ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ 2/3 + 3/4 ከስዕሉ በላይ ሆነብን።

መልስ፦ እያንዳንዱ ስዕል ለ3 እና ለ4 ሲከፈል 12 ካሬ ይሆናል፣ 2/3 8 ካሬ 3/4 ደግሞ 9 ካሬ ነው፣ ድምሩ 17/12። አንዱን 12 ካሬ ሙሉና የተረፈውን 5 ሌላኛው ላይ አስቀምጡ፣ 1 ከ5/12። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ 17/24 ይላል፣ ሁለቱን ስዕሎች እንደ አንድ ሙሉ ስለሚቆጥራቸው ነው፣ ሙሉው የቱ ነው ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስዕሉን መቼ ይተወው?

መልስ፦ ሳይስል በፊት ስንት ካሬ እንደሚወጣ መናገር ሲጀምር። እስከዛ አታቻኩሉት።