ከኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፦ ኮቪድ ዋርድ (የኮቪድ ሕሙማን ክፍል) ያላችሁ ኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተለማማጆች) እና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች) ጠይቁ፤ የአእምሮ ሐኪም ይመልሳል

ጥያቄ፦ ኢንተርን ነኝ፤ ኮቪድ ዋርድ ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ። ከዲዩቲ (ከተረኝነት) ወጥቼም እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ድብርት ነው ድካም?

መልስ፦ አትገምት፣ ለካው። ለታካሚ የምትሞላውን የድብርት መለኪያ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9ን፣ ለራስህ ሙላ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ቢበዛ 27፣ የሚጠይቀው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ይይህ። ግን ተጠንቀቅ፦ እንቅልፍ፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት የሚሉትን ሦስቱን ዲዩቲ ብቻውን ሊሞላቸው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለብቻቸው እያቸው፦ ይወዱት የነበረ ነገር መሰልቸቱንና የስሜት መጨለሙን። ሁለት ሌሊት ጠግበህ ተኝተህም እነዚህ ካልለቀቁህ ድካም ነው ብለህ አትለፈው። ዘጠነኛው፣ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው፣ ከ0 ውጪ ከሆነ ድምሩን እርሳው። ዛሬውኑ ለሰው ንገር፣ ብቻህን አትደር።

ጥያቄ፦ የ36 ሰዓት ዲዩቲ በቡናና በጫት ነው የምንገፋው። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው አይሻልም። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የምታስገባበትን እጅ አስብ። 20 ደቂቃ ማሸለብ ይረዳል፤ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ደንዝዘህ ትነሳለህ፣ ስለዚህ መድኃኒት ከማዘዝህ በፊት 15 ደቂቃ ታገስ። ቡና ላይ፣ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት በኋላም ደምህ ውስጥ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ወጥተህ ልትተኛ ከሆነ የመጨረሻው ስኒ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አይለፍ። ጫት እንቅልፉን አያስቀርልህም፤ ያበድርሃል፣ በማግስቱ በሀራራና በድብርት ያስከፍልሃል።

ጥያቄ፦ አር ቱ (የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት) ነኝ። እናቴ ጋ ነው የምኖረው፤ አስይዛታለሁ ብዬ በር ላይ እቆማለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን በር ላይ ሳይሆን ልብስ መቀየሪያው ጋ ነው። ብዙው ብክለት መከላከያ ልብሱ ሲወልቅ ነው የሚፈጠረው፣ ያውም ዲዩቲ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲደክም። ብቻሽን አታውልቂ፤ አንድ ባልደረባ ቆሞ ቅደም ተከተሉን ያንብብልሽ። በየደረጃው እጅሽን አጽጂ፣ ጭምብሉ የመጨረሻው ይሁን። ይህን ሁሉ አድርገሽም እጅሽን ደጋግመሽ የምታጥቢ፣ የምትመላለሺ ከሆነ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ የዋርድ ኃላፊ ነኝ። በአንድ ሌሊት ሦስት ሰው ሲሞትብን ኢንተርኖቹንና ሬዚደንቶቹን ሰብስቤ እንዲያወሩ ላድርግ?

መልስ፦ የሆነውን እንዲተርኩ አያስገድዷቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ እንዲህ ያለውን ማስተረክ አይመክርም። አስር ደቂቃ ይበቃል፦ ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ማን ወደ ቤት እንደሚሄድና ማን እንደሚተካ ይወሰን። መናገር የፈለገ ይናገራል። ከዚያ ለቤተሰብ መርዶ የነገረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኑ ነው፣ በስልክ፣ ብቻውን፤ ይህ መቅረት አለበት፣ ሲኒየር (ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሐኪም) አብሮ ይቁም። የዲዩቲ ሰሌዳው ደግሞ ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር ይበልጣል። የአንድ ሌሊት ዲዩቲ ሳይቀንሱላቸውና ሰው ሳይተኩላቸው ስለ ጽናት ሥልጠና መስጠት ለእኔ ቀልድ ነው።

ጥያቄ፦ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ለራሴ ብጽፍስ?

መልስ፦ አትጻፍ። መጠኑ ከበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ ይገድላል፤ ተስፋ በቆረጠ ሰው ዶርም ውስጥ መገኘት የለበትም።

ጥያቄ፦ ብታከም ጓደኞቼ ያውቁብኛል።

መልስ፦ ሮቴሽን (የልምምድ ዙር) የማትወጣበት ሆስፒታል ሂድ፤ አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ራስህ በምትሠራበት ካርድ ክፍል ካርድ አታውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኢንተርን ነው፣ ስልክ አያነሳም።

መልስ፦ እናቴ፣ «ለምን አታነሳም?» አይበሉት። «በላህ? ተኛህ?» ብለው ይጻፉለት፤ በአንድ ቃል ሊመልስ ይችላል። ሁለት ቀን ሙሉ ካልመለሰ አብሮት ለሚኖር ጓደኛው ይደውሉ።