የነርቭ ሕዋሳት «ይነጋገራሉ» ወይስ «ይቀባበላሉ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ» ብዬ ብጽፍ፣ አማርኛ የሚያስተምሩ ባልደረባዬ «ሕዋስ አይናገርም፤ መልእክት ያስተላልፋል ይበሉ» አሉኝ። የትኛው ይሻላል? «ነርቭ»ንስ «ጅማት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ሕዋስ አይናገርም የሚለው ምክንያት ብዙ አያራምደንም፤ «ልቤ ነገረኝ» የሚል ቋንቋ ሕዋስን ማናገር አይከብደውም። የሚያስቸግረው የግሱ ዐምድ፣ ማለትም ማን አድራጊ ማን ተቀባይ እንደሆነ የሚያሳየው የግሱ ቅርጽ ነው። «ተነጋገረ» ከ«ነገረ» የወጣ ተደራራጊ ግስ ነው፤ በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ግስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ባለው ግስ ተናጋሪው በተራው ሰሚ ይሆናል። በሁለት የነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚሆነው ግን በአመዛኙ እንዲህ አይደለም።

መልእክቱ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ሲጓዝ ኤሌክትሪካዊ ነው። አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው የሶዲየም ቅንጣቶች (አዮኖች) በሕዋሱ ሽፋን ላይ ባሉ በሮች ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ የአንዱ ስፍራ ለውጥ የቀጣዩን ስፍራ በር እያስከፈተ፣ አክሰን በሚባለው ረጅም ክር ላይ ይዛመታል፤ ማየሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን በተጠቀለሉት ፈጣን ክሮች ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በሽቦ ውስጥ እንዳለ ኤሌክትሪክ «ይፈስሳል» ከማለት «ይዛመታል» ማለትን የምመርጠው ስለዚህ ነው።

የክሩ ጫፍ ግን ቀጣዩን ሕዋስ አይነካውም። ሲናፕስ በሚባለው በዚህ መገናኛ ላይ ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር የሚደርስ ክፍተት አለ፤ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል ነው። መልእክቱ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ጫፉ ይገባል፤ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቋጥሮ የቆየው ኬሚካል ወደ ክፍተቱ ይለቀቃል፤ ተሻግሮም ማዶ ካሉት ተቀባዮች ጋር ይጣበቃል፤ እንደ ተቀባዮቹም ዓይነት ያንን ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል ወይም ይገታዋል። ከረጢቶቹ በወዲህ፣ ተቀባዮቹ በወዲያ ስለሆኑ መልእክቱ በመጣበት መንገድ አይመለስም።

የሚሻገረው ነገር በእርግጥ ኬሚካል መሆኑን ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎቪ በ1921 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ልብ አሳይተዋል። የልብን ምት የሚያዘገየውን ነርቭ ቀስቅሰው፣ ልቡ ሲመታበት የነበረውን ፈሳሽ ወስደው ለሌላ ልብ ቢሰጡት፣ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። እኔ ይህን ሙከራ ለግሱ ምርጫም እንደ ምስክር እቆጥረዋለሁ፤ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው የሚደርስ፣ በዕቃ ሊያዝ የሚችል ነገር ካለ፣ ትክክለኛው ግስ «አቀበለ» ነው።

ስለዚህ ስለ ሁለት ሕዋሳት ሲጽፉ «አንዱ ለሌላው መልእክት ያቀብላል» ይበሉ፤ ስለ ብዙዎቹ ሲጽፉ ደግሞ «መልእክት ይቀባበላሉ»። «ተቀባበለ» በቅርጹ ተደራራጊ ቢሆንም፣ በሰልፍ ቆመው ለግንበኛው ድንጋይ የሚያደርሱ ሰዎች «ይቀባበላሉ» ስንል ድንጋዩ ወደ ኋላ ይመለሳል ማለታችን አይደለም። የባልደረባዎ «ያስተላልፋል» ስሕተት የለበትም፤ መካከል ላይ ያለውን መቀበልና መስጠት ግን አያሳይም። በጠባብ ቀዳዳ በቀጥታ የተያያዙና አዮኖችን በአብዛኛው በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፉ ሕዋሳትም ስላሉ፣ ለእነዚያ «ይለዋወጣሉ» ማለት ይቻላል።

«ጅማት»ን በተመለከተ፣ በንግግር ብዙ ሰው ነርቭንም በዚህ ስም ይጠራል፤ በትምህርት ጽሑፍ ግን ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ነውና «ነርቭ»ን እንዳለ ይተዉት።