ስልኩን አስቀምጡና ለቅሶ ድረሱ፦ ውጭ ላላችሁ የወሎ ልጆች

ውጭ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከመርሳ የሚመጡ ልጆችን ስቀበል ኖሬአለሁ። አየር ማረፊያ ሄጄ፣ ሶፋ ላይ አስተኝቼ፣ ሥራ አፈላልጌ። ስለዚህ የምናገረው ቢመራችሁም እንደ ቤተሰብ ተግሣጽ ቁጠሩት። አሁን አሁን የሚያስጨንቀኝ ልባችሁ ነው። አገር ቤት በሚሆነው ነገር ትቃጠላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ማን አይቃጠል! ግን ንዴቱን የምታወርዱት እዚሁ አጠገባችሁ ባለው ሰው ላይ ነው። አንገታችሁ ላይ ማተብ አለ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ትቆማላችሁ። እንግዲያው በክርስትናው ልነጋገራችሁ።

1. ወረቀት

የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፣ አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ፣ ያልገባችሁ ነገር ላይ አትፈርሙ። አለቀ።

2. ስልክ

የሬሳ ቪዲዮ ሼር ማድረግ አቁሙ። ያ ሬሳ እናት አለው። የልጇን ሞት መጀመሪያ ያወቀችው እናንተ በለጠፋችሁት ቪዲዮ ከሆነ ምን ትላላችሁ?

«ቆቦ እንዲህ ሆነ፣ ከሚሴ እንዲህ ተደረገ» የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያው ላለ ሰው ደውሉ። እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሞተውን ሰው አልቅሱለት፣ ቤተሰቡን ጠይቁ። «የእነ እገሌ ዘር ነው ያደረገው» ብላችሁ አንድን ሕዝብ በጅምላ አትስደቡ። እናንተ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ቁጭ ብላችሁ ቲክቶክ ላይቭ ላይ የምትወረውሩት ቃል ከአጣዬ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ያርፋል። እናንተ ላይቩን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። እሱ መታወቂያ አሳይ ተብሎ ከመኪና ይወርዳል።

3. ገንዘብ

ለበቀል በሚሰበሰብ ገንዘብ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ስብሰባው በጸሎት ቢከፈትም ያው ነው።

መላክ ከፈለጋችሁ መንገዱ ከእናታችሁ ደጅ ይጀምራል። ያደጋችሁበት ቅሬ አለ አይደል? ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ድስቱን የሚያወጣው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ለቀብር የሚወጣበት። ሠርግ ሲሆን ሁለት ቦታ የሚታረድበት አገር ነው የወጣችሁበት፣ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ፣ ከዚያ ግን አንድ ዳስ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ለፋሲካ ለእናታችሁ የበግ ስትልኩ፣ ግድግዳ ለምትጋራት ሙስሊም ጎረቤቷም ለዒድ አስቡ። ትንሽ ትሁን። እናታችሁ በእጇ ትስጣት።

ተፈናቃዮቹንም አትርሱ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ብዙ ወሎየ ወለጋና ኢሉባቦር አስፍሮ ነበር። ልጅ ወለዱ፣ ጎጆ ቀለሱ፣ ቡና ተከሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወለጋ ላይ ግድያው ሲበዛ የነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ባዶ እጃቸውን ወደ ወሎ ተመለሱ። ሐይቅ ከተማ አካባቢና ጃራ ካምፕ ውስጥ በሸራ ሥር የከረሙት እነሱ ናቸው። በነሱ ስም ላይቭ ላይ የሚጮኸው ሰው ብዛት! ብርድ ልብስ የላከው ግን ስንቱ ነው?

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ ሕዝቡ ወደ ደሴ ጎረፈ። ያኔ ደሴ መግለጫ አላወጣችም። በሩን ከፍቶ «አብሽሩ፣ ግቡ» ያለው ተራ ሰው ነው። መምህሩ፣ ጠላ ሻጯ፣ ባለ ሱቁ። ፍራሹን መሬት አውርዶ፣ ሽሮውን አብዝቶ። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አስተናጋጁ ራሱ ተሰደደ። እዚያ የነበረ ሰው መልካምነት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያውቃል።

4. ጎረቤት

ዋናው ጉዳዬ ይኼ ነው።

አብራችሁ የምትሠራ ትግራዋይ አለች። አብሯችሁ ታክሲ የሚነዳ ኦሮሞ አለ። ሰላምታ ትታችኋል። ቡና የምትጠጡበትን ቤት ለያችሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለያችሁ! በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፣ እናንተ ዘሩን አጣርታችሁ ወደምትወዱት ሰው ብቻ ትዞራላችሁ። ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ ሄደህ ታረቅ ያለው አንተ የተቀየምከው ሰው ስላለ አይደለም። ወንድምህ በአንተ ላይ ቅያሜ እንዳለው ካሰብክ ነው ያለው። ቂም የያዘው እሱ ሆኖ እንኳ የምትሄደው አንተ ነህ።

በጦርነቱ ጊዜ ከኛ ጋር ቡና ትጠጣ የነበረች አንዲት የትግራይ ልጅ ወንድሟ ሞቶ መርዶ መጣላት። ማኅበራችን እንሂድ አንሂድ ሲባባል አርባው አለፈ። ይኼ ነገር እስከዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። ስንት ዓመት አብራን ጨው ቀምሳ፣ ልጆቻችንን አዝላ፣ በዚያች ቀን ብቻዋን ተቀመጠች። በኋላ ስናገኛት ሰላም አለችን፤ ቡናው ግን ቀረ።

አውቃለሁ፣ «የኔ አጎት ወልድያ ላይ ሲገደል ማን አለቀሰልኝ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ሐዘናችሁን ማንም አይከልክላችሁ። ያያችሁትን መስክሩ፣ ስም መዝግቡ፣ ፍርድ ጠይቁ። ወሎ ውስጥ እርቅ ማለት አፍ መዝጋት ሆኖ አያውቅም። በቃሉና በባቲ በኩል በአፋሩ፣ በኦሮሞውና በአማራው መካከል ደም ሲፈስ አበጋር የሚባሉ የእርቅ ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቃሉ። ጥፋት ይነገራል፣ ጉማ፣ የደም ካሳው፣ ይከፈላል። ገዳይ ይጠየቅ። ሌሊት ሆስፒታል ወለል የምታጸዳ ሴት ግን አጎታችሁን አልገደለችም።

ጳውሎስ «ክፉውን በመልካም አሸንፍ እንጂ በክፉ አትሸነፍ» ሲል ሁላችሁም ትጠቅሱታላችሁ፣ ግድግዳ ላይም ሰቅላችሁታል። ከዚያ በፊት ያለውን ለምን ትዘሉታላችሁ? ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው ይላል። እንጀራና ውሃ ነው የጠየቃችሁ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቃችሁም። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ጠላት እንኳ አይደሉም!

እንግዲህ ይኼን አድርጉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካወቃችሁ፣ የናንተ ወገን ያልሆነ፣ ዛሬ ደውሉ። ቅዳሜ ዳቦ ወይም ወጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ በጾም ከሆነ የጾም ሥሩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በሉ፣ ሙስሊም ከሆነ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ»። ስለ ጦርነቱ አታንሱ። እሷ ካነሳች አድምጡ፣ በናንተ ወገን ላይ ብትናገር እንኳ አድምጡ፣ ሐዘንተኛ ናት። ስኒ እጠቡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጭ ብለው ይዩ፣ ለቅሶ መድረስን በንግግር አትማሩም፣ እነሱም አይማሩም። ስትወጡ ፎቶ አትለጥፉ። በሩ ካልተከፈተላችሁ አትቀየሙ፣ ምግቡን ለጎረቤቷ ስጡና በሳምንቱ ተመለሱ።