ዮጋ፣ ሥዕልና የተበተነ ሐሳብ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደሴ ነው የምኖረው፤ ቅዱሳት ሥዕላትን እሥላለሁ። ጎንበስ ብዬ ስለምውል ወገቤን ያመኛል፣ ሐሳቤም ይበተናል። ዮጋ ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱም ቀለል ብሎልኛል። ግን አሠልጣኛችን «ኦም» እያስባለ አእምሯችሁን ባዶ አድርጉ ይለናል። ልተወው ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወገብን ማፍታታት ኃጢአት አይደለም። ዮጋ ግን በህንድ ሃይማኖት ውስጥ ያደገ የተመስጦ መንገድ ነው፤ «ኦም»ም በዚያ እምነት የተቀደሰ ድምፅ ነው። እሱን ተዪ። የቀረውን እንቅስቃሴ ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ወስኚ፤ ወገብ ለማፍታታት እንደሆነ ቤትሽም ይበቃል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ባዶ አድርጉ» የሚለው ነው። ጌታ በማቴዎስ 12፥43-45 እንደተናገረው፣ ተጠርጎ ባዶ የተገኘው ቤት ሰባት የከፉ መናፍስት ገቡበት። እኛ ልባችንን በስሙ እንሞላለን እንጂ ባዶ አናደርግም።

ብሩሽ ከማንሣትሽ በፊት ወደ ምሥራቅ ዞረሽ አማትቢ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ከዚያ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) በዪ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ፤ ጀማሪ በልቡ ብቻ ሲል ሳያውቀው ሰኞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሐሳብ ሲመጣብሽ አትከተዪው፣ ከእሱም ጋር አትከራከሪ፤ ወደ ቃሉ ተመለሺ። ቁጥሩ ከጠፋብሽም እንደ አዲስ አትጀምሪ፣ ካለሽበት ቀጥዪ።

ስግደትን በስፖርት ምትክ አትያዢው። ስትሰግጂ ጉልበትሽን ቀስ ብለሽ አሳርፊ፣ መዳፍሽን መሬት ላይ አድርጊ፣ ግንባርሽ መሬት ይንካ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ። በጾም ሰዓት በጥድፊያ የሚነሣ ራሱን ያዞረዋል። ቁጥሩን ንስሐ አባትሽ ይወስኑልሽ፤ የወገብሽን ነገር ደብቀሽ ግን አትጠይቂያቸው። በእሁድ፣ በበዓለ ሃምሳ (ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት) እና ከቆረብሽ በኋላ አይሰገድም።

ቀኑን በጸሎት ሰዓታት ክፈዪው፦ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ብሩሹን አስቀምጠሽ ቁሚ። ለወገብሽም ከዚህ የተሻለ ዕረፍት አላውቅም። የእጅ ሥራና ጸሎት አብረው መኖራቸው ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚሁ ወሎ ላለው ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል በሥዕል ያጌጠ ነው። የቅዱሳኑን ዓይን ጠዋት፣ እጅሽ ሳይደክም ሣዪ፤ ሰፋፊውን ቀለም ለከሰዓት አቆዪው። መስመር የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ ክርን ድጋፍ ሲያጣ ነው፣ ሁሉንም በፈተና አታመካኚ። ስልክሽም ሌላ ክፍል ይሁን።

ሕመሙ ወደ እግርሽ ከወረደ ወይም እግርሽን ካደነዘዘው ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጠበል መጠመቅሽ ሕክምናውን አያስቀረውም።