ጨረር ባረፈበት ቆዳ ላይ የወጡ ነጥቦች

ጥያቄ፦ ዶክተር ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምጽፍልሽ ከሐይቅ ነው፤ ዕድሜዬ 54 ነው። በ2011 ዓ.ም. ከግራ ጡቴ የካንሰር እጢ ወጣልኝ፣ ጡቴ ሳይቆረጥ ተረፈ። ከዚያ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፌ ጥቁር አንበሳ እየተመላለስኩ ጨረሩን ጨረስኩ። ሰባት ዓመት ደህና ኖርኩ። ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ግን ጠባሳው ሥር አራት ነጥብ ወጣብኝ። ሦስቱ ምስር ያካክላሉ፣ አንዱ እንደ በለዘ ነገር ሰፋ ብሏል። አያመኝም፣ አያሳክከኝም። ቡና ላይ ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ቢሉኝ ዳማከሴ ቀባሁበት። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ጭርት ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ፤ ሁለት ወር ተቀባሁት፣ ለውጥ የለውም። ጨረሩ ነው ያመጣብኝ? ባልወስደው ይሻለኝ ነበር? የልጄ ሠርግ ጥር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብታይስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም «እንደ በለዘ» ያሉት ላይ ቆምኩ። ሳይወድቁ ሳይጋጩ የበለዘ ቆዳ፣ ያውም ጨረር ባረፈበት ቦታ፣ ወራት ሙሉ አልለቅ ካለ ምች ነው ብዬ አላልፈውም። ከሠርጉ በፊት፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት፣ ይታዩ። ቅባቱንም ዳማከሴውንም ያቁሙ።

ጨረሩ የካንሰሩን ሴል ሲመታ በቆዳው ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይነካል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቀላሉ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ፣ በጣት ሲጫኗቸው የሚደበዝዙ የደም ሥሮች። ለጤና አያሰጉም። አንዳንዴ ደግሞ እንደ እርስዎ ምስር የሚያካክሉ ጉብታዎች ይወጣሉ። የደም ሥሮች ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚያመላልሱት የሊምፍ ሥሮች ከወትሮው ውጭ አድገው የፈጠሯቸው ናቸው፤ ካንሰር አይደሉም፣ ግን ወጥተው ክትትል ይፈልጋሉ። የምፈራው አንጂዮሳርኮማ የሚባለውን የደም ሥር ካንሰር ነው። ብርቅ ነው፤ ጨረር ከወሰዱ 1,000 ሴቶች አንዷን ገደማ ነው የሚያገኛት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ። ሲጀምር የበለዘ ይመስላል፤ ስለማያምም ሰው ቅባት እየቀባ ጊዜ ያልፍበታል። በእኛ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ አይታይም፤ ቡናማ ወይም የጠቆረ ሐምራዊ ሆኖ ይደበቃል። ክሊኒኩ ጭርት ቢመስለው አይገርመኝም። ያሳዘነኝ፣ ሁለት ወር ሲያልፍ ዳግም ያየው አለመኖሩ ነው።

እኔም በዓይን ብቻ አልለያቸውም። ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው፤ ቦታው በመርፌ ደንዝዞ፣ ከምስሮቹም ከበለዘውም፣ ጠለቅ ተብሎ። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ የአንዲት እናት ናሙና ማዘዣ ላይ «የደረት ቆዳ» ብቻ ጽፌ ላክሁ። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ደወለልኝ፤ «ጨረር ወስደዋል እንዴ?» አለኝ። ወስደው ነበር። የእኔ አንድ ቃል መጉደል የውጤቱን ንባብ ሊያሳስት ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ስለዚህ የ2011ዱን ወረቀት ይያዙ፤ ደሴም ይሂዱ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ገና ሲገቡ «ጨረር ወስጃለሁ» ይበሉ። ማዘዣው ላይ መጻፉንም ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንበልና የደም ሥር ካንሰሩ ሆነ፤ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። ብዙ ጊዜ ጡቱ ጨረር ካገኘው ቆዳ ጋር ይወጣል። ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ትንሽ ሳለ ሲገኝ ግን ለሐኪሙም ለእርስዎም ይቀላል።

ባልወስደው ይሻለኝ ነበር ወይ ላሉኝ፣ አይ። እንደ እርስዎ እጢው ብቻ ከወጣላቸው ሴቶች፣ ጨረር ካልወሰዱት ከ100 ወደ 35 በሚጠጉት በ10 ዓመት ውስጥ የጡት ካንሰሩ ይመለሳል፤ ከወሰዱት ወደ 19 ይወርዳል። ያን ጊዜ ትክክለኛውን አድርገዋል፤ ራስዎን አይውቀሱ።

ሠርጉ ሦስት ወር አለው። የናሙናው ስፌት በ2 ሳምንት ውስጥ ይፈታል። ውጤቱ እንደ ደረሰዎ ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩ ሕክምና ካለም ቀኑን ስንቆጥር የእንሶስላውን ቀን አብረን እናስባለን።